ታምራት ኤሌክትሪካል ሲማር

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ ከባጃጅ ስወርድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ስል ሙባረክ ነው። ሙባረክና ታላቅ ወንድሜ ታምራት ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት፤ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ። አንድ ዶርም ውስጥ ሙባረክ ከላይ፣ ታምራት ከታች ይተኙ ነበር። የሙባረክ አባት እዚሁ ሆሳዕና ሱቅ አላቸው፤ እሱ ግን ከተመረቀ በኋላ መርካቶ ገብቶ አምፖልና ገመድ ይነግዳል። ወፍሯል፤ ፂም አሳድጓል። ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እሱ አፉን እስኪከፍት ብቻ ነበር።

"ዳኒ! አንተ፣ ትልቅ ሰው ሆንክ እኮ! ኢንጂነርስ? ደቡብ አፍሪካ ተስማማው? ስንት ጊዜ ደወልኩለት፣ ስልኩ አይሠራም። ሀብታም ሆኖ ቁጥር ቀየረብን አይደል?"

አልሰማም። ሁሉም ሰው የሰማ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ከተማ አስከሬኑ በመኪና ታጅቦ ሲያልፍ ሱቅ የዘጋ ሰው አለ፤ ሙባረክ ግን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበር። እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላውቅም። ሽማግሌ ቢሆን ዙሪያውን ዞሮ፣ "ሰው ነን፣ ሁላችንም እንግዳ ነን" ብሎ ይጀምር ነበር። እኔ "ሞተ" አልኩት። "ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ተኩሰው ገደሉት።" ሙባረክ የያዘውን የዳቦ ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠና እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ባለባጃጁ "አባት፣ ተነስ፣ እግርህን ልሄድበት ነው" እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ሙባረክ አልሰማውም። "ኢና ሊላሂ" አለ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ። እያለቀሰም፣ እየሳቀም ስለ ወንድሜ አወራ። ባወራ ቁጥር "ኢንጂነር" ይለዋል፤ ባለው ቁጥር እኔ ውስጤ ይቃጠላል። እሱ ምን ያውቃል። በዚያ ሳምንት ከአባቴ ጋር የተጣላሁት በዚህች በአንዲት ቃል ነበር። በእኛ በከምባታ መቃብር በሲሚንቶ ይሠራል፣ በቀለምም ይሳላል። ፈረስ የነበረው ሽማግሌ ከነፈረሱ፣ አስተማሪው ከነመጽሐፉ፣ ሾፌሩ ከነመኪናው ይሳላል፤ ከላይ ስሙና ማዕረጉ ይጻፋል። መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል። የታምራት መቃብር ሲሚንቶው ደርቆ አልቋል፤ ሠዓሊው ቅዳሜ ይመጣል። አባቴ ከስሙ በላይ በትልቁ "ኢንጂነር" ተብሎ ይጻፍ ይላል። እኔ ያ ቃል ልጁን ገድሎታል፣ ሬሳው ላይ አይጻፍም እላለሁ። እንዲህ ተባብለን ሳንነጋገር ነው የሰነበትነው፤ አንድ ቤት እያደርን።

ያን ጊዜ፣ ታምራት ሆሳዕና ሲማር፣ ሻይ ሁለት ብር ነበር። ቦምቦሊኖ ሦስት ብር። ከአራዳ እስከ ግቢው በር ባጃጅ ሦስት ብር ይወስዳል፣ ተማሪ ከሆንክና ባለባጃጁ ደግ ከሆነ ሁለት። አሁን ሻይ ብቻውን ሀያ ብር ነው፤ ቦምቦሊኖውም አንሷል። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ልማር ከዳምቦያ መጥቼ ቦቢቾ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ታምራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢ ይመጣል፤ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ካልኩሌተሩን የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ። ያ ጃኬት ጥቁር ነው፣ ኮፍያ አለው፣ ክርኑ ላይ ተልጧል፤ ሱሪው እግሩ ላይ የተጣበቀ፣ ጫማው ሸራ። ያን ጊዜ የግቢ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለብሰው፤ የከተማው ልጆች ከሩቅ ይለዩአቸዋል። እናታችን ከቤት ቆጮና ቡላ በኮባ ጠቅልላ ትልካለች፤ ግማሹን እኔ ጋ ትቶ ግማሹን ለዶርም ልጆች ይወስዳል። ሙባረክ እስካሁን ያቺን ቆጮ አልረሳም። "የናንተ እናት ቆጮ ባይኖር እኔ ሰርኪዩት ሁለትን አላልፍም ነበር" አለኝ ሻይ ቤቱ ውስጥ።

ልብሳችንን አጥበን አራዳ እንወጣ ነበር። የመዝሙር ካሴት ቤቶቹ፣ ካሴት ቀርቶ በፍላሽ ቢሸጡም ካሴት ቤት ነው የምንላቸው፣ ትልልቅ ስፒከር በር ላይ ያወጣሉ። አንዱ በሀዲይኛ፣ አንዱ በከምባትኛ፣ አንዱ በአማርኛ እየዘመረ ሦስቱ አየር ላይ ይጋጫሉ። ታምራት መሀል ቆሞ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። መዝሙሩን የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። እሱ የሚሰማው ከመዝሙሩ በታች ያለውን እምምም የሚል ድምፅ ነው። "ሰማኸው? ሃምሳ ኸርዝ ነው። ግራውንድ አላደረጉትም" ይለኛል። አልገባኝም። ገብቶኝም አያውቅም። ግን እንደዚያ ሲል ፊቱ ደስ ይላል፤ ሌላው ሰው የማያየውን ወፍ ያየ ይመስላል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ካሴት ቤቶቹ የሞባይል ሱቅ ሆነዋል። እምምም የሚለው ግን አሁንም አለ።

ኤሌክትሪካልን የመረጠው እሱ ነው ወይስ አባቴ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የአንደኛ ዓመት ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ሲቪልም ይደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሲቪል ነው የሚለው፤ ሕንፃው በየቦታው ይቆማል። አባቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከዱራሜ ወደ ዳምቦያ የሚወስደው መንገድ ዳር የእኛ መንደር አለ፤ እዚያ የመብራት ምሰሶ ተተክሎ፣ ገመድ ሳይመጣ ዓመታት አልፎታል። ምሰሶው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርቷል፤ ልጆች ላም ያስሩበታል። ታምራት ኤሌክትሪካል ሲደርሰው አባቴ ዳምቦያ ገበያ ወጥቶ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ "ገመዱን ልጄ ያመጣዋል" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ታምራት ብሎ ጠርቶት አያውቅም። "ኢንጂነር" ነው። ገና ሁለተኛ ዓመት ሲጀምር። ጎረቤቱም ተከተለው፣ ቸርቹም ተከተለው፣ እኔም ተከተልኩ። ልጁ ራሱ ደብተሩ ላይ ያልጻፈውን ማዕረግ እኛ ሁላችን ጫንንበት።

እናታችንን አማ ነው የምንላት፤ በከምባትኛ እናት ማለት ነው። እሷ ብቻ ታምራት ትለው ነበር። እሱ ለእረፍት ሲመጣ ጉንጩን ይዛ፣ "ታምራት፣ ከሳህ፤ ይሄ መብራት የምትሉት ነገር ሰው ይበላል እንዴ?" ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

ሦስተኛ ዓመት እያለ የሆነውን ሙባረክ አስታወሰኝ። ማክሰኞ ቀን ነው፣ የግቢው ጥበቃ ዶርማቸው መጥቶ፣ "ኢንጂነር ታምራት የሚባል ማነው? ሽማግሌዎች በር ላይ ይፈልጉታል" ይላል። ታምራት ሰው የሞተ መስሎት በነጠላ ጫማ ሮጠ። በሩ ላይ አባቴና የመንደራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎናቸው የታሰረ በግ አለ። ማመልከቻ ይዘው መጥተዋል። ለመብራት ኃይል አይደለም፤ ለታምራት።

"ልጃችን" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ "አንተ አለህ ብለን ሌላ ቢሮ አልሄድንም። ገመዱ መቼ ነው የሚመጣው?"

ታምራት በጉን አየ፤ አባቴን አየ። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሟል። ሙባረክ እንደሚለው፣ ወንድሜ ያን ጊዜ "እኔ ተማሪ ነኝ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" ቢል ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። ማን ይላል? አባቱን በሽማግሌዎች ፊት የትኛው የከምባታ ልጅ ውሸታም ያደርጋል? ታምራት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካና፣ "አባቶቼ፣ እናያለን" አለ።

"እናያለን አለ!" አሉ ሽማግሌው ወደ ሌሎቹ ዞረው። "ሰምታችኋል፣ እናያለን ብሏል!"

አንዱ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ የሚታየውን የመንገድ መብራት በከዘራቸው እያሳዩ፣ "ይሄን ሁሉ የምታበሩት እናንተ ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሙባረክ ሳቁ መጥቶበት ወደ ጀርባ ዞረ። ታምራት፣ "አይ አባባ፣ እኛ እንዴት እንደሚበራ ነው የምንማረው" አላቸው። "እሱማ ነው፣ ከማብራት በፊት መማር ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ረክተው። በጉን ጥበቃው አላስገባም ስላለ መልሰው ይዘውት ሄዱ። ታምራት ዶርም ገብቶ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ሙባረክ፣ "ኢንጂነር፣ በጓን እንኳን ብታስቀርልን!" ብሎ ቢቀልድበት አልሳቀም።

እውነቱን ለመናገር፣ ታምራት አምስት ዓመት ሲማር ሽቦ የነካበት ቀን ጥቂት ነው። ላብራቶሪ ሲገቡ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ኦሲሎስኮፕ የሚሉትን አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይከብባል፤ ያውም የሚሠራ ከሆነ። ከኋላ የቆመ የፊተኛውን ጭንቅላት ነው የሚያየው። ትራንስፎርመር በሥዕል ተማረ፤ ሞተር በሥዕል፤ ጄኔሬተር በሥዕል። ፈተና ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክን በሻማ ያጠናሉ። እኔ ጋ ቦቢቾ ሲመጣ ሻማ ሁለት ቦታ ቆርጠን ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእኔ እናበራ ነበር። እሱ ፌዘር የሚባል ነገር ይሥላል፤ ቀስት ነው፣ ይሽከረከራል። እኔ ታሪክ አነባለሁ። አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ አንድ መሥሪያ ቤት መደቡት። ብዙ ነገር አያለሁ ብሎ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ሄደ፤ ቼክ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ። ተመልሶ ምን አየህ ስለው፣ "ፎቶ ኮፒ ማሽን" አለኝ። "ወረቀት ሲነክስ ማስለቀቅ ችያለሁ።"

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። አባቴ አልተቆጣም። "ግዴለም፣ አንድ ኢንጂነር ይበቃናል" አለ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስላልተመታሁ። አሁን ሳስበው፣ ሁላችንንም አንድ ልጅ ጀርባ ላይ ጫነን ማለት ነው። ምሰሶውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እኔን።

ሲመረቅ በሬ ታረደ። ድንኳን ተጣለ። የቸርቹ ኳየር ዩኒፎርም ለብሶ መጣ። ሸራ ላይ "እንኳን ደስ አለህ ኢንጂነር ታምራት" ተብሎ በቀይ ተጽፎ በሁለት ባህር ዛፍ መሀል ተወጠረ። አባቴ ግራጫ ሱፍ ተከራይቶ ለብሷል፤ እጅጌው ይረዝመዋል። ታምራት ጋዋኑን ለብሶ፣ የወረቀት አበባ አንገቱ ላይ ተደርጎለት ከሁሉም ጋር ፎቶ ይነሳል። ያ ፎቶ ነው በኋላ አስከሬኑን በያዘው መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈው። የሙባረክ አባት ግን፣ ሙባረክ እንደነገረኝ፣ ልጃቸው ዲግሪውን ይዞ ሱቅ ሲገባ አነበቡት፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ ከዚያ "ማሻ አላህ። በል አሁን ሚዛኑን ያዝ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አሉት። እሱ ያን ጊዜ ተናዶ ነበር። "አሁን" አለኝ፣ "እጃቸውን ብስም አይበቃኝም። መርካቶ ውስጥ ኢንጂነር ብሎ የሚጠራኝ የለም። ሙቤ ነው የሚሉኝ። ሙቤ ገመድ አምጣ፣ ሙቤ ቀንስ። ኖርኩበት።"

ታምራት ሥራ ሲፈልግ ሁለት ክረምት አለፈ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይገለብጣል፤ ሁሉም ልምድ ይላል። ዱራሜ ሄደ፣ ሆሳዕና ተመላለሰ፣ አዲስ አበባ አጎታችን ቤት ከርሞ ተመለሰ። መንደር ውስጥ ደግሞ ሲያልፍ፣ "ኢንጂነር፣ እንዴት አደርክ?" "ኢንጂነር፣ ገመዱስ?" ይሉታል። በክፋት አይደለም። በአክብሮት ነው፤ ከስድብ የባሰው ይህ ነው። ለተሳደበ ሰው መልስ ይሰጠዋል። በኋላ በትልቁ መንገድ መሄድ ተወ። በእንሰቱ ጓሮ፣ በወንዙ በኩል እየዞረ ነው ቸርች የሚሄደው።

ከዚያ አንድ ሰሞን ብቻ ሰው ሆኖ አየሁት። ዱራሜ ውስጥ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ያለ ቤተሰብ ባለ ፎቅ ቤት ያሠሩ ነበር፤ ታምራት ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጋር የመስመር ዝርጋታ ሥራ አገኘ። ለቤት አልነገረም። እኔ ምሳ ልወስድለት ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቷል፤ ግድግዳውን በኤሌክትሪክ ዲስክ ቆርጦ ቱቦ ይቀብራል። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ከንፈሩ ሳይቀር በብሎኬት አቧራ ነጭ ሆኗል። ያፏጫል። ታምራት ሲያፏጭ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። "ዳኒ፣ ና፣ ና፣ ያቺን ማብሪያ ተጫናት" አለኝ። ተጫንኩ። የሳሎኑ አምፖል በራ። በቀን ስለሆነ ብርሃኑ ያን ያህል አይታይም። እሱ ግን መሰላሉ ላይ ሆኖ ሽቅብ አይቶ፣ "አየሃት? ከሜትሩ ጀምሮ እስከዚህ የእኔ ናት። በሥዕል አይደለም!" አለ። ወርዶ ቆጮውን በአቧራማ እጁ በላ። በሁለት ዓመት ገንዘብ ይዞ፣ የራሱን ሠራተኞች ቀጥሮ እንዴት እንደሚሠራ ነገረኝ። በዚህ አገር ፎቅ የማይሠራ የለም፣ ቤት ሁሉ መስመር ይፈልጋል አለ። እውነቱን ነበር።

በገበያ ቀን አባቴ ዱራሜ ወጣ፤ እኔም ምሳ አድርሼ እዚያው ነበርኩ። ማን እንደነገረው አላወቅንም። ወይም ማንም አልነገረውም፣ በመንገድ ሲያልፍ አይቶት ይሆናል። በረንዳው ላይ የቤቱ ባለቤት እናት ተቀምጠዋል፤ ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ያቦካሉ። አባቴ ግቢው መሀል ቆሞ ወደ ላይ፣

"ኢንጂነር!" አለ።

ታምራት ዲስኩን አጠፋ።

"ውረድ።"

"አባባ፣ ልጨርስና..."

"ውረድ አልኩህ! በሬ ያረድኩት ግድግዳ እንድትፍቅ ነው? ሽማግሌ ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው?"

"ሥራ እኮ ነው አባባ። የተማርኩት ነው።"

"ያልተማረም ይሠራዋል!" አለ አባቴ፣ አጠገቡ የቆመውን ልጅ በከዘራው እያሳየ። ልጁ አፈረ።

ሴትዮዋ ከበረንዳው ሆነው፣ "ውይ፣ ያ የድንኳኑ ኢንጂነር እሱ ነው? እኛማ ሠራተኛ መስሎን!" አሉ። ምን አስበው እንዳሉት እግዚአብሔር ያውቃል። ታምራት ወረደ። እጁን አልታጠበም። አባቴ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ አቧራውን እንደለበሰ ገበያውን አቋርጠው ሄዱ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እኔ የምሳ ዕቃውን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ መሰላል አልወጣም። ጥቂት ወራት ቤት ተቀመጠና ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ አለ። አባቴ አንዲት ቃል አልተቃወመም። ሰው ይህን እንዲያስብበት ነው የምጽፈው፦ በእኛ አገር የተማረ ልጅ ዱራሜ ውስጥ ግድግዳ ቆርጦ ገመድ ቢቀብር ያሳፍራል፤ ድንበር ለድንበር ተሹለክልኮ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ አልፎ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ለሰው አገር ሰው ዳቦና ሲጋራ ቢሸጥ ግን አያሳፍርም። ይመረቅለታል። ፓስተሩ ጸለየ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። "ኢንጂነራችን ደግሞ ውጭ ወጣ" ተባለ። አማ ብቻ በር ላይ ይዛው አለቅም አለች። "ታምራት፣ እኔ ገመድ አላልኩህም፣ ምንም አላልኩህም" ትለዋለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናት።

ከዚያ በስልክ ቪዲዮ ሱቁን ያሳየኝ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከፍርግርጉ በስተጀርባ ሳሙና፣ ዱቄት፣ የስልክ ካርድ ተደርድሯል። አንዴ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረና፣ "የሱቁን መስመር እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ግራውንድ አለው" አለኝ። ያፏጭ እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ደንበኛ መጣና ዘጋው። በዚያው ዓመት ነው የገደሉት። አስከሬኑ ሲመጣ ከሆሳዕና ጀምሮ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ አጀበው። በጋዋን ያለው ፎቶ በየመስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ፓስተሩ ስብከቱን "ኢንጂነር ታምራት" ብሎ ጀመረ። አንድ ቀን ያልሠራበትን።

ሙባረክ ሻዩ ቀዝቅዞበት ይህን ሁሉ ሰማኝ። ቅዳሜ መቃብሩ ሲሳል እመጣለሁ ብሎኝ ነበር፤ አባቱ ታመውበት አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ሠዓሊው ጌታሁን ቀለሞቹን በሞተር ጭኖ መጣ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ መቃብር የሚሥል ሰው ካልቀለደ እንዴት ይኖራል። ከፎቶው እያየ ጋዋኑንና ቆቡን ሣለ። ፊቱ ታምራትን አይመስልም፤ ጥርሱ የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ብሩሹን ነክሮ፣ "ከላይ ምን ልበል?" አለ።

"ኢንጂነር" አለ አባቴ።

"አይጻፍም" አልኩ።

"ጎበዝ፣ ለአንድ ቃል ብላችሁ ቀለሜን አታድርቁብኝ" አለ ጌታሁን።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ስንት ቀን ሳንነጋገር ሰንብተን፣ በቀጥታ አየኝ። "አምስት ዓመት ለፍቶበታል" አለ። "በሻማ ነው የተማረው። አንተ ነህ የነገርከኝ። ይሄ ልፋት ከእሱ ጋር ይቀበር?"

"መሰላል ላይ ሆኖ ሲሠራበት አወረድከው እኮ!"

"እና ምን ልጻፍለት?" አለ። "ባለሱቅ ብዬ ልጻፍ? ሌላ ምን አለኝ? ንገረኝ፣ ዳንኤል፣ ለልጄ ሌላ ምን ቀረኝ?"

አማ ለሠዓሊው ምሳ ይዛ መጥታ ከኋላችን ቆማ ነበር። ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠች።

"ስም አለው" አለች። "እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ኤሌክትሪካል ከገባ ወዲህ ከአንተ አፍ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። እሱም ሳይሰማው ነው የሞተው። አሁን እንኳን ስሙን ጻፍለት።"

አባቴ ለሠዓሊው፣ "ስሙን ብቻ ጻፍ" ብሎት ወደ ቤት ሄደ። ጌታሁን አልቀለደም። ታምራት ሀንዲሶ ብሎ በጥቁር ጻፈ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ምን እንዳሸነፍኩ እንጃ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአባቴ ጋር ከዱራሜ በሚኒባስ ስንመለስ ነበር። ሆስፒታል ወስጄው ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። መቃብሩ መንገድ ዳር ስለሆነ በአጠገቡ መኪና ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ቤታችን አጭር ነው። ረዳቱ የማላውቀው ልጅ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ። መኪናው ሲቃረብ አባቴ በከዘራው ወንበሩን መታ መታ አደረገና፣

"ታምራት ጋ አውርደን" አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከስንት ዓመት በኋላ ያን ስም ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"የት ነው እሱ?" አለ ረዳቱ። "ታምራት የሚባል ፌርማታ የለም አባባ።"

"አለ። እዚህ ጋ። መቃብሩ ያለበት።"

ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጋዋን የለበሰውን ሥዕል አየና ሳቀ። "አሃ፣ ኢንጂነሩ ጋ! እንደሱ አይሉኝም?" ብሎ ጣሪያውን በእጁ ደበደበ። "ሾፌር፣ ኢንጂነሩ ጋ ወራጅ አለ! ኢንጂነሩ ጋ ነው አይደል፣ አባባ?"

አባቴ ከዘራውን ይዞ ተነሳ።

"አዎ" አለ።